ከስብራት ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ውሃ ውስጥ ማገገም፦ ጅማ ላይ ሆናችሁ ከባልዲ እስከ ገንዳ

ሐኪሙ «ውሃ ውስጥ ብትንቀሳቀስ ጥሩ ነው» ይላል። ሰውየው ገንዳ ይፈልጋል፣ ይገባል፣ ደስ ብሎት ይወጣል። በማግስቱ እግሩ አብጦ ጫማ እምቢ ይለዋል። «ውሃው አልተስማማኝም» ብሎ እዚያው ይተወዋል።

ይህንን ጅማ ውስጥ ከስንት ሰው እንደሰማሁት እንጃ። አንዱ እኔ ነኝ። ባጃጅ ገጭቶኝ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ብረት ገባልኝ። ገንዳ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን 45 ደቂቃ ያህል ወዲያ ወዲህ አልኩ። ቅንጣት አላመመኝም። ማታ ግን እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ሳቃስት አደርኩ።

ውሃ ያታልላል። ክብደታችሁን ይሸከምላችኋል፣ ሕመሙን ይሸፍንላችኋል፣ እናንተም የዳናችሁ ይመስላችኋል። ስለዚህ ልኩ የሚታወቀው ውሃው ውስጥ ሳላችሁ አይደለም። ማታና በማግስቱ ጠዋት ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ሁሉ የተሠራው በዚህ ላይ ነው።

ጨርሶ መግባት የሌለበት ሰው

ከሚከተሉት አንዱ ካለባችሁ ቀሪውን አንብቡ፣ ውሃው ግን ይቆይ።

- ቁስሉ ያልተዘጋ፣ ፈሳሽ የሚወጣው ወይም ቅርፊቱ ያልወደቀ
- ጀሶ ያለበት፣ ወይም ከቆዳ ውጭ የወጣ ብረት የታሰረለት
- ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም የቆዳ ኢንፌክሽን ያለበት
- የሚጥል በሽታ ያለበትና በቅርቡ የጣለው
- ደም ግፊቱ ያልተስተካከለ ወይም የልብ ድካም ያለበት
- ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር የሚያስቸግረው

አንዱን ለብቻው ልናገረው። ባታችሁ ካበጠ፣ ከጋለ፣ ስትነኩት ካመማችሁ ውሃም ማሸትም የለም። ከቀዶ ሕክምና ወይም ከረጅም መተኛት በኋላ የእግር ደም ሥር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ከደረሰ ይገድላል። ጎረቤት «ትንሽ ይታሽ» ቢል፣ ወጌሻ ቢመጣ፣ አታስነኩ። በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።

ለሐኪሙ የምትጠይቁት

ከአጋሮ፣ ከሊሙ ወይም ከቦንጋ ለቀጠሮ ጅማ የምትመጡ ከሆነ ጥያቄውን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኑ። በር ላይ ስትደርሱ ይጠፋችኋል። እነዚህ አራቱ ይበቃሉ፦

1. ቁስሉ ውሃ ውስጥ ለመግባት ደርሷል? (ስፌት የሚፈታው ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ስፌት ተፈታ ማለት ግን ቁስሉ ተዘጋ ማለት አይደለም።)
2. እግሩ ላይ ስንት ክብደት ልጣል? ምንም? ግማሽ? ሙሉ?
3. የትኛውን እንቅስቃሴ ማድረግ የለብኝም? እስከ መቼ?
4. የምፈራው ምልክት ምንድን ነው?

ሁለተኛውን አትርሱት። የገንዳውን ጥልቀት የምትወስኑት በዚያ መልስ ነው።

ደረጃ 1፦ ውሃውን ምረጡ

ወንዝ ይቅር። አዌቱ ከተማውን አቋርጦ ሲያልፍ የከተማውን ቆሻሻ ይዞ ነው። ቦዬ ደግሞ ጉማሬ ያለበት ረግረግ ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ ጥርት ያለ ወንዝም ቢሆን አያስተማምንም። ቢልሃርዝያ የሚመጣው ቀንድ አውጣ ካለበት ውሃ ነው፤ ውሃው ንጹሕ ስለመሰለ ትሉ የለም ማለት አይቻልም። በዚያ ላይ ድንጋዩ ያንሸራትታል።

የቀራችሁ ሁለት ነው፦ ቤት ውስጥ ባልዲና ሳፋ፣ ወይም የሆቴል መዋኛ ገንዳ። ለሕክምና ተብሎ የሚሠራ ገንዳ ከ33 እስከ 35 ዲግሪ ይሞቃል። ያልሞቀ የሆቴል ገንዳ ጅማ ውስጥ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ጅማ ላይ የሚሠራው ዘዴ ለየት ይላል፦ ሙቀት የሚፈልገውን ሥራ ቤት ውስጥ በባልዲ፣ መራመዱን ገንዳ ውስጥ።

ገንዳውን ለማየት አንድ ቀን ቀድማችሁ ሂዱ፣ አትግቡ። ወለሉ ከላይ ሆናችሁ በግልጽ ይታያል? ግድግዳውን ስትነኩት ያሟልጫል? አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጠረን ንጽሕና አይደለም፤ ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚመጣ ነው። ለሚያጸዳው ልጅ «ክሎሪን መቼ ለካችሁ?» በሉት። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም በሊትር ከሆነ ደህና ነው። «መለካት ምንድን ነው?» ካላችሁ ሌላ ገንዳ ፈልጉ።

ደረጃና መያዣ ብረት ያለው ይሁን። በቀጭን መሰላል ብቻ የሚወረድበት ገንዳ ለታመመ እግር አይሆንም።

ደረጃ 2፦ ቤት ውስጥ በባልዲ ጀምሩ

ይህንን ዘለው ገንዳ የሚገቡ ናቸው አብዛኞቹ የሚበላሽባቸው። ለእግር ጥልቅ ባልዲ፣ ለእጅ ሰፋ ያለ ሳፋ ያስፈልጋል። ባልዲው ቢያንስ የቅልጥማችሁን ግማሽ መሸፈን አለበት።

*ውሃውን መለካት።* ቀዝቃዛውን መጀመሪያ አድርጉ፣ የፈላውን በላዩ ጨምሩ። ልኩ አንድ ጆግ የፈላ ለአራት ጆግ የቧንቧ ውሃ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የቧንቧው 20 ዲግሪ ገደማ ከሆነ ድብልቁ 35 አካባቢ ይመጣል። ክረምት ላይ የቧንቧው ስለሚቀዘቅዝ ትንሽ ትጨምራላችሁ። ከዚያ በክርናችሁ ንኩት፦ «ለብ ያለ» እንጂ «ሞቀ» የሚያሰኝ መሆን የለበትም። የትኩሳት መለኪያ ቴርሞሜትር ለዚህ አይሠራም፤ ዝቅ ያለውን አያነብም።

ስኳር ካለባችሁ ወይም እግራችሁ ከደነዘዘ፣ ሌላ ሰው በክርኑ ይፈትሽላችሁ። ባልተሰማ ሙቀት እግሩን የቀቀለ ሰው አለ።

ጉዳቱ ሁለት ሦስት ቀኑ ብቻ ከሆነና እብጠቱ ገና ትኩስ ከሆነ ሙቅ ውሃ አይነካውም። እናቶቻችን የሚሉት «ጨው ጨምረህ ዘፍዝፈው» የዚያን ጊዜ እብጠቱን ያባብሰዋል። በኋላ ላይ ጨው ጨመራችሁ አልጨመራችሁ ለውጡ ኢምንት ነው።

*እንቅስቃሴው፣ ለቁርጭምጭሚት፦*

1. ወንበር ላይ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። እግራችሁ የባልዲውን ወለል አይንካ፣ ይንሳፈፍ።
2. ጣታችሁን ወደ ራሳችሁ ሳቡ፣ ከዚያ ወደ ታች ግፉ። 10 ጊዜ። በቀስታ፤ ውሃው መናወጥ የለበትም።
3. በአውራ ጣታችሁ ውሃው ውስጥ ፊደል ጻፉ። ለመጀመሪያ ቀን ከ«ሀ» እስከ «ሆ» ያለው ረድፍ ይበቃል። በየቀኑ አንድ ረድፍ ጨምሩ። መንቀሳቀስ ያለበት ቁርጭምጭሚቱ እንጂ ጉልበቱ አይደለም። እኔ «መ» ላይ ለሦስት ቀን ቆሜያለሁ፤ ዙሩ አልመጣ ብሎኝ።

ለእጅ አንጓና ለጣት፦ ሳፋው ውስጥ ስፖንጅ ጭመቁ፣ ልቀቁ፣ ጣታችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርጉ። ብዙ ሰው መጭመቁን ያበዛል፣ መዘርጋቱን ይረሳል።

10 ደቂቃ፣ በቀን አንዴ፣ ለአንድ ሳምንት። ጠዋት ጠዋት እብጠት ካልጨመረ ወደ ገንዳ። ጉዳቱ ጉልበት፣ ዳሌ ወይም ትከሻ ላይ ከሆነ ባልዲ አያገለግልም፤ ሐኪሙ ሲፈቅድ በቀጥታ ወደ ደረጃ 3 እለፉ።

ደረጃ 3፦ ጥልቀቱን ወስኑ

ቁልፉ እዚህ ነው። ውሃው ወደ ላይ ስለሚገፋችሁ እግራችሁ የሚሸከመው ክብደት ውሃው በደረሰበት ልክ ይቀንሳል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቆሞ፦

- ውሃው አንገቱ ላይ ሲደርስ እግሩ ላይ የሚያርፈው 7 ኪሎ ገደማ ነው።
- ደረቱ፣ ማለት የደረት አጥንቱ የታችኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ ከ20 እስከ 25 ኪሎ።
- ወገቡ ላይ ሲደርስ 35 ኪሎ ገደማ፤ ግማሹ ማለት ነው።

ሐኪሙ «ግማሽ ክብደት» ካላችሁ ወገብ ድረስ ይፈቀዳል ብላችሁ እዚያ አትጀምሩ። ስትራመዱ ክብደቱ በአንድ እግር ላይ ያርፋል፣ እያንዳንዱ እርምጃም ይጨምርበታል። ደረት ላይ ጀምሩ። «ምንም ክብደት አትጣል» ከተባላችሁ ደግሞ ገንዳው ይቆይ፤ ባለሙያ አብሯችሁ ውሃ ውስጥ ካልገባ በቀር።

ጥልቀቱ የት እንዳለ እናንተ አትፈልጉ። አብሯችሁ የሄደው ሰው ቀድሞ ይግባና ይራመድበት። እኔ የገባሁበት ገንዳ ጥልቀቱ አልተጻፈበትም ነበር። ደረት ድረስ ብዬ ስራመድ ወለሉ ድንገት ቁልቁል ሄደ። የምዋኝ ሰው ባልሆን ይህንን ጽሑፍ ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው ቀን

*ሰዓት።* ፀሐይ ውሃውን ትንሽ የምታሞቀው ከረፋድ በኋላ ነው፤ የጅማ ዝናብ ደግሞ ከሰዓት መምጣት ይወዳል። ከ5 እስከ 7 ሰዓት ያለውን ያዙ። ቅዳሜና እሑድ ልጆች ስለሚዘሉበት ተዉት። ነጎድጓድ ከሰማችሁ፣ ሩቅም ቢሆን፣ ወዲያው ውጡ። የመጨረሻው ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱ።

*የምትይዙት።* ሁለት ፎጣ፣ ጋቢ፣ የማያንሸራትት የውሃ ጫማ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ ክራንቻችሁ። ሰውነታችሁን ሸፍናችሁ መግባት ከፈለጋችሁ ታይትና ጠበብ ያለ ረጅም እጅጌ ልበሱ። ሰፊ ቀሚስ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ እግር ላይ ይጠመጠማል። የሚያጅባችሁ ሰው ግዴታ ነው። ስልኩ ላይ የሚያፈጥ ሳይሆን እናንተን የሚያይ።

*አገባብ፦*

1. ሽንት ቤት ሂዱ። ውሃ ውስጥ ሲገባ ሽንት ይመጣል፣ የሰውነት ሥራ ነው። ከዚያ ታጠቡ።
2. ክራንቹን እስከ ደረጃው ጫፍ ይዛችሁ ሂዱ። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው ውሃው ውስጥ አይደለም፤ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ነው።
3. ብረቱን ያዙ። ስትወርዱ የታመመው እግር ይቅደም፣ ስትወጡ ደህናው ይቅደም።
4. ወገብ ላይ ስትደርሱ ቁሙና አንድ ደቂቃ ተንፍሱ።
5. ደረት ድረስ ግቡ። ግድግዳውን አትልቀቁ።

*ሥራው።* ዛሬ መራመድ ብቻ ነው። ወደ ፊት 3 ደቂቃ፣ ወደ ጎን 2 ደቂቃ፣ ወደ ኋላ 2 ደቂቃ፣ ከዚያ ጥቂት ቆማችሁ 3 ደቂቃ እንደገና ወደ ፊት። ጠቅላላው 10 ደቂቃ። ሰዓት ያዙ። «ገና ነኝ፣ ምንም አልደከመኝም» ትላላችሁ። እኔም ብዬ ነበር። ውጡ።

ስትራመዱ ተረከዛችሁ መጀመሪያ ይረፍ፣ ከዚያ ጣት። ውሃው ስለሚያነሳችሁ በጣት ጫፍ መሄድ ይመጣል፤ እንደዚያ ከለመዳችሁ መሬት ላይም ያንኑ ታነክሳላችሁ። ወደ ፊት አትጎንበሱ። አትፍጠኑም፤ ፍጥነታችሁን እጥፍ ስታደርጉ ውሃው የሚቋቋማችሁ አራት እጥፍ ገደማ ነው።

ደረጃ 5፦ ከገንዳ መውጣት

ይህ ራሱን የቻለ ደረጃ ነው። ከውሃው ስትወጡ ክብደታችሁ ባንዴ ይመለሳል፣ ደም ግፊትም ሊወርድ ይችላል። ወገብ ጥልቀት ላይ አንድ ደቂቃ ቁሙ። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ብረቱን ሳትለቁ ክራንቻችሁን ተቀበሉ። ወጥታችሁ 10 ደቂቃ ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ጋቢውን ልበሱ።

ባጃጅ ላይ ቶሎ አትውጡ። የደከመ መገጣጠሚያ ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ የሚሆነውን አይቼዋለሁ። ቤት ስትገቡ ክሎሪኑን ታጠቡና ጠባሳውን ሳታሹ አድርቁ።

ደረጃ 6፦ የማታውና የጠዋቱ ፍተሻ

ሕመሙን ከ10 ስንት እንደሆነ ለራሳችሁ ስጡት። ከመግባታችሁ በፊት፣ ከወጣችሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ በማግስቱ ጠዋት። ሦስቱን ጻፉ። እብጠቱን በዓይን አትገምቱ፤ የልብስ ሰፊ ሜትር አምጡና ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ለኩ። እኔ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጌ ነበር የምለካው።

- ውሃው ውስጥ ሕመሙ ከ3 ካለፈ እንቅስቃሴውን አሳንሱ። ካልወረደ ውጡ።
- ከሁለት ሰዓት በኋላም ከመግባታችሁ በፊት ከነበረው ከበለጠ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ደቂቃውን በግማሽ ቀንሱ።
- በማግስቱ ጠዋት እብጠት ከጨመረ አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍት፣ እግር ከፍ፣ ከዚያ በግማሽ መመለስ።
- ሦስቱም ደህና ከሆኑ በሚቀጥለው አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ። ወይ 5 ደቂቃ፣ ወይ አንድ አዲስ እንቅስቃሴ፣ ወይ ትንሽ ያነሰ ጥልቀት (እሱን ደረጃ 8 ላይ ታገኙታላችሁ)። ሁለቱን ባንዴ ከጨመራችሁ የትኛው እንዳበላሸው አታውቁም።

በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በመሃል ዕረፍት። ጣሪያው 30 ደቂቃ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ከ15 አትለፉ።

ደረጃ 7፦ አንድ በአንድ የሚጨመሩ እንቅስቃሴዎች

ግድግዳውን ይዛችሁ፣ እያንዳንዱን 10 ጊዜ፦

1. ተረከዝ ወደ መቀመጫ ማጠፍ (ለጉልበት)።
2. ቀጥ ያለ እግር ወደ ጎንና ወደ ኋላ መግፋት (ለዳሌ)። ወገባችሁ አብሮ ከተጠማዘዘ ርቀቱን አሳጥሩ።
3. ተረከዝ ከወለል ማንሳት፣ በሁለት እግር። በአንድ እግር የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው።
4. ጉልበት ትንሽ አጥፎ እንደ መቀመጥ ብሎ መነሳት።
5. በታመመው እግር ብቻ 10 ሰከንድ መቆም። ቀላል ሲሆን ያጀባችሁ ሰው ውሃውን በእጁ ያናውጠው።

ለትከሻ፦ ውሃው ትከሻችሁን እስኪሸፍን ዝቅ በሉ። እጃችሁን ልቀቁት፤ ውሃው ያንሳው እንጂ እናንተ አታንሱት። የትከሻ ጅማት የተሰፋለት ሰው በራሱ ጉልበት ክንዱን ለማንሳት የሐኪሙን ፈቃድ ይጠብቅ፤ ብዙ ጊዜ ስድስት ሳምንት አካባቢ ይፈጃል።

ክልክሎች፦ ዳሌው የተቀየረለት ሰው እስኪፈቀድለት ድረስ እግር አያቆላልፍ፣ ጉልበቱን ከዳሌው በላይ አያንሳ። እሱም ሆነ የጉልበት ጅማት የተቀየረለት ሰው እንደ እንቁራሪት እየረገጠ አይዋኝ። ጀርባው የተሠራ ሰው መራመድ ብቻ፤ ወገብ ማዞር የለም።

ሲበላሽ

*ባት ወይም ውስጥ እግር ሲሸማቀቅ፦* ግድግዳ ያዙ፣ ጣታችሁን ወደ ቅልጥማችሁ ሳቡ፣ እስኪለቅ ጠብቁ። ለዛሬ በቃ።

*ስትንቀጠቀጡ፦* ጡንቻው ከቀዘቀዘ ይገትራል፤ ጥቅም የለውም። ውጡ፣ ልበሱ። ውሃው የሚሞቅበት ቀን እስኪመጣ ወደ ባልዲው ተመለሱ።

*ጠባሳው ሲረጥብ ወይም ሲከፈት፦* ወዲያው ውጡ። በንጹሕ ፋሻ ሸፍኑና ለሐኪም አሳዩ። ቁስሉ ላይ ቡናም ማርም አታድርጉ።

*ሲያዞራችሁ፦* በቶሎ አትውጡ። ብረቱን ይዛችሁ በአጃቢ ቀስ ብላችሁ ውጡና ተኙ፣ እግር ከፍ። ደረት ከወጋችሁ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ግን ሆስፒታል ነው።

*ሁለት ሳምንት ሠርታችሁ ለውጥ ከሌለ፦* ብዙ ጊዜ ምክንያቱ መሬት ላይ የታዘዘውን መተዋችሁ ነው። ውሃ ብቻውን ጡንቻ አይመልስም።

ደረጃ 8፦ ወደ ጥልቀት ማነስ

ብዙዎች የሚረሱት ይህን ነው። ደረት ላይ 20 ደቂቃ ያለ ጠዋት እብጠት ከቻላችሁ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ወደ እምብርት ኑ፤ ደቂቃውን ግን መልሳችሁ 10 አድርጉ። ከዚያ ወደ ወገብ። እዚያው ደረት ላይ የሚቀሩ አሉ፤ ስለሚመች። ሲመች ደግሞ እግሩ ብዙ አይሸከምም።

ወገብ ላይ ሳታነክሱ 20 ደቂቃ የሄዳችሁ ቀን፣ ከገንዳው ወጥታችሁ አሥር ደቂቃውን ዕረፍት ጨርሱና በደረቅ ጫማ ደልዳላ መሬት ላይ 5 ደቂቃ ሂዱ። ክራንቹ በእጃችሁ ይሁን። ያን ዕለት ማታ ሜትሩን አትርሱ።